ፉድ ባንክ ለእኛም ነው ወይ? እስከ 33ኛው መልስ የተባለው

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ ስለበዛ አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ ያለውን ሳያነብ ያንኑ ጥያቄ መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ እስካሁን የተባለውን በየቁጥሩ እዚህ እተርካለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፣ ሐሳቡን ነው የማስቀምጠው። በመሀል የራሴንም ጣል አደርጋለሁ።

መነሻው ይኼ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ አነስተኛ ፓንትሪ (ለተቸገረ ሰው ምግብ በነፃ የሚታደልበት ቦታ) ውስጥ ምግብ በማደል አግዛለሁ። ዕቃው በአብዛኛው የሚመጣልን ከካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክ ነው። ድርጅቱ የተቋቋመው በ1980 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዲሲን፣ እዚህ ሜሪላንድ ሞንትጎመሪንና ፕሪንስ ጆርጅስን፣ ወንዙን ተሻግሮ ደግሞ ሰሜን ቨርጂኒያን ይሸፍናል። በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዚህ አካባቢ ካሉ ቤተሰቦች 37 በመቶዎቹ በዓመቱ ውስጥ በቂ ምግብ ለማግኘት ተቸግረው ነበር። ከሦስት ቤት ከአንድ በላይ ማለት ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ሰልፋችን ላይ ግን ሐበሻ ብዙም አይታይም። ሐበሻ የሌለበት ሰፈር ቢሆን አይገርመኝም ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ሆነን፣ የኪራዩን ነገር እያወቅን፣ ሁለት ሥራ የሚሠራውን ሰው በየቤቱ እያየን እንዴት ይሆናል? ስለዚህ ጠየቅኩ። ለምን አንመጣም? ሳንቸገር ቀርተን ነው ወይስ ይሉኝታ ይዞን? አቋሜንም አልደበቅኩም። ፉድ ባንክ ለእኛም ነው ብዬ አምናለሁ።

1ኛው መልስ የመጣው አሌክሳንድሪያ ከምትኖር እህት ነው። በጣም በትሕትና ነው የጻፈችው። እሷ እንደምትለው ነገሩ ይሉኝታ ብቻ አይደለም፣ አለማወቅም ነው። የሥራ ሰዓቷ የተቆረጠ ጊዜ ፉድ ባንክ የሚለውን ስልኳ ላይ ፈልጋ፣ ሎርተን ያለው መጋዘን በር ድረስ ነድታ ሄደች። እዚያ የጠበቃት ግን ትልልቅ የጭነት መኪና ብቻ ነው። ሰልፍ የለ፣ የሚያስተናግድ ሰው የለ። ተሳስቼ ነው ብላ ተመለሰች፣ ከዚያ ወዲያም አልሞከረችም።

ይህን ሳነብ አዘንኩ፣ ምክንያቱም እንዲህ ብለው የተመለሱ ሌሎች ሰዎችም እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። ስለዚህ ላብራራው። ፉድ ባንክ የሚባለው መጋዘኑ ነው። ምግብ በብዛት ያስገባል፣ ያቀዘቅዛል፣ ይለያል፣ ለሌሎች ያከፋፍላል። እኛ የምንሄድበት፣ ቦርሳ ይዘን የምንወጣበት ቦታ ፓንትሪ ነው። ፓንትሪ ቸርች ውስጥ ይሆናል፣ ትምህርት ቤት ይሆናል፣ የማኅበረሰብ ማዕከል ይሆናል። ካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክ ከ400 በላይ እንዲህ ያሉ አጋሮች አሉት። የተቸገረ ሰው መሄድ ያለበት ወደ መጋዘኑ ሳይሆን ለቤቱ ወደሚቀርበው ፓንትሪ ነው።

2ኛው የጻፈው መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ ወንድም ነው፣ የየትኛው እንደሆነ አልገለጸም። እሱ ማብራሪያዬን ወደደው፣ ግን አንድ ነገር ጨመረበት። ብዙ ሰው ምግቡ ሁሉ ሰው ከቤቱ ያዋጣው ጣሳ (የታሸገ ምግብ) ይመስለዋል። ከየትምህርት ቤቱ የሚሰበሰበው ጣሳ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ የሚመጣው ከሱፐርማርኬት፣ ከገበሬ፣ ከምግብ ፋብሪካ፣ ከፌዴራል መንግሥት፣ ከዚያም ድርጅቱ ራሱ በገንዘብ ከሚገዛው ነው። ስለዚህ አሥር ዶላር መስጠት የሚችል ሰው ጣሳ ገዝቶ ከሚያመጣ ዶላሩን ቢሰጥ ይሻላል አለ፣ ድርጅቱ በጅምላ ስለሚገዛበት።

ይኼ ልክ ነው። እኛ ጋ እንዴት እንደሚደርስም ልንገራችሁ። ፓንትሪያችን የሚፈልገውን ከዝርዝር መርጦ ያዛል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ በቀጠሮው ሰዓት ቫን ይዞ መጋዘኑ በር ላይ ይጠብቃል። ዕቃው በፓሌት ተደርድሮ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይወጣል። ከሱፐርማርኬት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በሙዝ ካርቶን ነው፣ ያ ጎኑ ቀዳዳ ያለው ካርቶን። ድንች በትልቅ ጆንያ ከመጣ ወለሉ ላይ ዘርግተን አንድ በአንድ እንለየዋለን። አንድ የበሰበሰ ድንች ካመለጠን በማግስቱ ክፍሉ በሙሉ ይሸታል፣ አጠገቡ ያሉትም ይበላሻሉ። ከዚያ በትንንሽ መረብ ከረጢት እንሞላዋለን። ጠዋቱን ሙሉ የሚፈጀው ይኼ ሥራ ነው፣ እደላው ራሱ ቶሎ ያልቃል።

3ኛው አመሰገነ ብቻ። 4ኛው ይህ ነገር ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደጀመረው ጠየቀ።

5ኛው መልስ ለ4ኛው ነው። ጸሐፊው ታሪክ የሚወድ ሰው ይመስለኛል። የመጀመሪያው ፉድ ባንክ በ1967 አሪዞና፣ ፊኒክስ ውስጥ እንደተከፈተ ጻፈ። ያቋቋመው ጆን ቫን ሄንግል የሚባል፣ ጡረታ ወጥቶ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግል ሰው ነው። አንዲት የብዙ ልጆች እናት ልጆቿን የምትመግበው ሱፐርማርኬት ከሚጥለው እየለቀመች እንደሆነ አጫወተችው። ምግቡ ግን ደህና ነበር። ሰው የተረፈውን እንደ ገንዘብ የሚያስቀምጥበት፣ የቸገረው ደግሞ የሚያወጣበት ቦታ ቢኖር የሚለው ሐሳብም ከእሷ ነው የመጣው። የሰፈሩ ሴይንት ሜሪስ ቤተ ክርስቲያን አንድ የተዘጋ ዳቦ ቤትና ጥቂት ገንዘብ ሰጠው። በመጀመሪያው ዓመት 275,000 ፓውንድ ምግብ አከፋፈለ። በ1979 ሀገር አቀፍ ድርጅት ተቋቋመ፣ ዛሬ ፊዲንግ አሜሪካ ይባላል፣ ወደ 200 የሚጠጉ ፉድ ባንኮች በሥሩ አሉ። የዲሲው አንዱ ነው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወደው ሐሳቡ ከራሷ ከተቸገረችው ሴት መምጣቱን ነው። ስሟን ግን ማንም አያነሳውም።

6ኛው መልስ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው መርሴዲስ እየነዱ ፓንትሪ ሰልፍ የሚቆሙ ሰዎችን በዓይኑ እንዳየ፣ እኛ ሐበሾች ደግሞ ሠርተን የምንበላ ሕዝብ ስለሆንን ለምጽዋት መሰለፍ እንደማይገባን ጻፈ። ያደገበት ቤት ቆሎ ቆርጥሞ ያድራል እንጂ የሰው ፊት አያይም አለ። ብዙ ሰው ወደደለት፣ ያንን አልክድም።

7ኛዋ ቶሎ መለሰችለት፣ አልለዘበችም። ሠርቶ መብላት ማለት ልጅን ጾሙን አሳድሮ ትምህርት ቤት መላክ ማለት እንዳልሆነ ነገረችው። ሰው መኪናውን የገዛው ሥራ እያለው ነው፣ መኪናውን ሸጦ በምን ሥራ ፍለጋ ይሂድ ብላ ጠየቀችው። 8ኛው በመሀል ገብቶ ሁለቱንም ወንድሜ፣ እህቴ እያለ ሊያረጋጋ ሞከረ። አልሆነለትም።

9ኛው ግን ክሩን ሁሉ አቀዘቀዘው። ኡበር የሚነዳ አባት ነው። ኮቪድ የመጣ ጊዜ ሥራው ባንድ ሳምንት ቆመ። መኪናው በብድር የተገዛ ጥቁር ትልቅ መኪና ነበር፣ ሰው ሲያየው ሀብታም ይመስላል። ያንን መኪና ይዞ ሰልፍ ገባ፣ ከመኪና ሳይወርዱ ምግቡ የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የሚጫንበት ሰልፍ ነበር። መስኮቱን ዘግቶ፣ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ሐበሻ እንዳያየው ሲጸልይ ቆየ። ከፊቱ ያለው መኪና ውስጥ የሚያውቀው ሐበሻ ነበር፣ እሱም ኮፍያ አድርጓል። ሁለቱም ተያዩ፣ ሰላም ሳይባባሉ ተለያዩ። እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን አንስተው እንደማያውቁ ጻፈ። ከዚያ ለ6ኛው ጸሐፊ በአክብሮት፣ አንቱ እያለ፣ ያዩት መርሴዲስ የማን ዕዳ እንደሆነ አያውቁም ሲል ዘጋው።

ስለ ኩሩነት የምንከራከረውን ሁሉ ይኼ መልስ የሚያጥፈው ይመስለኛል። የሁለቱም ሰው ልጆች በዚያ ሳምንት በልተዋል። ዋናው እሱ ነው።

ከ10ኛው እስከ 13ኛው ያለው ስለ ወረቀት ነው፣ ተጠንቅቃችሁ አንብቡት። 10ኛው ፓንትሪ መሄድ ግሪን ካርድ ያበላሻል ወይ ብሎ ፈርቶ ጠየቀ። 11ኛዋ ማኅበራዊ ሠራተኛ ናት። ፉድ ስታምፕና ፓንትሪ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ አስረዳች። ፉድ ስታምፕ በስም፣ በገቢ፣ በመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጥ የመንግሥት መብት ነው። በዲቪ የመጣ አዋቂ ሰው ግሪን ካርድ ይዞም በአብዛኛው አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ግን አይጠብቁም። ፓንትሪ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። የመንግሥት ምግብ ሲታደል እንኳ የሚጠየቀው አድራሻና ገቢ ነው፣ ያውም ሰውየው ራሱ የሚሞላው። እኛም ጋ እንደዚሁ ነው። ፓስፖርት አንጠይቅም፣ ግሪን ካርድ አንጠይቅም።

12ኛው አንድ ከባድ ነገር አስታወሰ። በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችንና ስደተኞችን ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ ከፉድ ስታምፕ አስወጥቷል። ከዚያ በፊት ያገኙ ነበር። የእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ አሳይለም አግኝቶ ግሪን ካርድ የሚጠብቅ ስንት ሰው እንዳለ ታውቃላችሁ። 13ኛዋ የዚህ ሕግ ሰለባ ናት። ካርዷ ላይ የሚገባው እንደቆመ፣ ሁለት ልጆች እንዳሏት፣ ለማን እንደምትነግር ግራ እንደገባት ጻፈች። 11ኛዋ ወዲያው በግል መልእክት አገኘቻት። ይህ ክር ሌላ ምንም ባይጠቅም ለዚህ መከፈቱ ይበቃል።

14ኛው ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ መጣ፣ ተቆጥቶ ነው የጻፈው። ፉድ ባንክ ረሃብን አይዋጋም፣ ይሸፍናል የሚል ነው ሐሳቡ። ኩባንያዎች ለሠራተኛ በቂ አይከፍሉም። ሊጥሉት የነበረውን ዕቃ ሰጥተው ግብር ይቀነስላቸዋል፣ ስማቸውም ይነሳል። መንግሥትም ሰልፉን አይቶ ኃላፊነቱን ይረሳል። በጎ ፈቃደኞችም ሳናውቀው የዚህ ተባባሪ እንደሆንን ጻፈ።

15ኛዋ ተናደደችበት። ሕጉ እስኪስተካከል ሕፃኑ ምን ይብላ ነው ጥያቄዋ። 16ኛው ግን ለሁለቱም ልክነት ሰጠ፣ እኔም በእሱ እስማማለሁ። ፊዲንግ አሜሪካ ራሱ እንደሚለው ፉድ ባንኮች አንድ ማዕድ ሲያቀርቡ ፉድ ስታምፕ ዘጠኝ ያቀርባል። ፉድ ስታምፕ ሲቆረጥ የዘጠኙን ጎዶሎ አንዱ ሊሞላው አይችልም። ኅዳር 2025 ላይ መንግሥት ተዘግቶ የፉድ ስታምፑ ገንዘብ ሲዘገይ አይተናል። 42 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚጠቀምበት ነገር ነው። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ዲሲም ከራሳቸው ካዝና ለመሸፈን ተሯሯጡ። በዚያ ሰሞን እኛ ጋ ሰልፉ ሕንጻውን ዞሮ ፓርኪንጉ ጫፍ ደረሰ። ምስር ቀድሞ አለቀ፣ ቀጥሎ ዘይት፣ ቀጥሎ ሩዝ። የመንግሥት መታወቂያቸው አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሰዎች ሳይቀር መጥተው ነበር። ስለዚህ 14ኛው የተናገረው ቁም ነገር አለው። ግን ለምክር ቤት አባሉ የሚጽፈውና ድንች የሚለየው አንድ ሰው መሆን ይችላል። ሁለቱን ለምን እንደምናጣላቸው አይገባኝም።

17ኛው ኢኮኖሚክስ የተማረ ልጅ ነው። ያልጠበቅኩትን አስተማረኝ፣ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ እነግራችኋለሁ። ድሮ ትልልቅ ኩባንያዎች ለሀገር አቀፉ ድርጅት አንድ መኪና ሙሉ ምግብ ሲሰጡ ድርጅቱ ተራ ለደረሰው ፉድ ባንክ ይደውላል። የደረሰው ያስፈልገውም አያስፈልገው ነው። ድንች የሚበቅልባት አይዳሆ ተራዋ ሲደርስ ድንች ይሰጣት ነበር። በ2005 ይህ ተቀየረ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ምሁራን አግዘው አንድ የጨረታ ሥርዓት ተዘረጋ። እያንዳንዱ ፉድ ባንክ እንደ አካባቢው ችግር መጠን ለጨረታው ብቻ የሚያገለግል የውሸት ገንዘብ ይሰጠዋል። በዚያ ገንዘብ በቀን ሁለት ጊዜ በሚካሄድ ጨረታ የሚፈልገውን ይጫረታል። ብዙ የተቸገረ ያለበት አካባቢ ብዙ ይሰጠዋል። ማንም የማይፈልገው ዕቃ ዋጋው ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ የሚወስደው ይከፈለዋል ማለት ነው። ፓስታና ሲሪያል ይወደዳል። አትክልት ይረክሳል፣ ቶሎ ስለሚበላሽና ብዙ ስለሚሰጥ።

መጀመሪያ ላይ የድሃ ምግብ በጨረታ አይሆንም ብለው አጥብቀው የተቃወሙ የፉድ ባንክ ኃላፊዎች እንደነበሩም ጻፈ። እኔም መጀመሪያ ስሰማው አልተመቸኝም። ግን ገንዘቡ የሚከፋፈለው በችግር መጠን ከሆነ፣ ትንሹ ፉድ ባንክም የሚያስፈልገውን ራሱ ከመረጠ፣ ከድሮው የተሻለ ነው። የተቸገረ ሰው የሚበላውን አያውቅም ብሎ ከላይ መወሰን ያከተመው እዚህ ላይ ነው። እኛም ፓንትሪያችን ውስጥ የተሞላ ካርቶን ማደል ትተን ሰው ከመደርደሪያ እንዲመርጥ አድርገናል። ቆሻሻ ውስጥ የሚጣለው ምግብ ወዲያው ቀነሰ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከመንገድ ወጣ፣ ምክንያቱ ቱና ነው። 18ኛዋ ከፓንትሪ በወሰደችው ቦርሳ ውስጥ ያለው ግማሹ በጾም እንደማይበላ ጻፈች። አሳማ ያለበት ጣሳ፣ አይብ፣ ቱና። 19ኛው ቱና ዓሣ ስለሆነ በጾም ይበላል አላት። 20ኛው በዐቢይ ጾም በፍጹም እንደማይበላ፣ እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ መጻፉም ነውር እንደሆነ ተቆጣ። 21ኛው ስለ ዓሣ አንድ ጥቅስ አመጣ፣ 22ኛው ሌላ ጥቅስ መለሰለት። ያን ክርክር እዚህ አልተርከውም። የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ።

ግን የ18ኛዋ ቅሬታ እውነት ነው፣ በቱናው ጭቅጭቅ መሀል መጥፋት የለበትም። ሙስሊም ወንድሞቻችንም የአሳማውን ነገር በተመሳሳይ ያነሳሉ። መልሱ መናገር ነው። ፓንትሪዎች ከዝርዝር መርጠው ስለሚያዙ ሰው የማይበላውን ካወቁ ሌላ ያዛሉ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ክክ፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ እነዚህ ሁሉ ለጾም ይሆናሉ። እኛ ምስር ማብዛት የጀመርነው አንዲት እናት አይብ የተደረደረበት ጠረጴዛ ጋ ቆመው በአስተርጓሚ ስለነገሩን ነው። ያን ቀን ባይናገሩ ኖሮ አናውቅም ነበር።

23ኛው ወደ ቁም ነገር መለሰን፣ ግን በምሬት ነው። ቀኑ ያለፈበት ምግብ እንደተሰጠው፣ ድሃን እንደ ቆሻሻ ማየት እንደሆነ ጻፈ። 24ኛዋ የምግብ ደኅንነት ላይ የምትሠራ ሴት ናት፣ በትዕግሥት መለሰችለት። አሜሪካ ውስጥ ጥቅል ላይ ያለው ቀን በአብዛኛው ፋብሪካው ጥራቱ እስከዚህ ቀን ጥሩ ነው ብሎ የሚጽፈው እንጂ ከዚያ በኋላ ይመርዛል ማለት አይደለም። በፌዴራል ሕግ ቀን የግድ የሚጻፍበት የሕፃን ፎርሙላ ብቻ ነው። ፎርሙላ ቀኑ ካለፈ በፍጹም አትውሰዱ አለች። የተነፋ ጣሳና በስፌቱ በኩል የተጎደጎደ ጣሳም እንደዚያው። ቀኑ ከማለፉ በፊት በረዶ የሆነ ሥጋ ግን፣ በረዶነቱ እስካልለቀቀ ድረስ ችግር የለውም። በ1996 የወጣው፣ በቢል ኤመርሰን ስም የሚጠራው ሕግም በቅን ልቦና ምግብ የሚሰጠውን ሰው ከክስ እንደሚጠብቅ ጨመረች። ሱፐርማርኬቶች ከመጣል ይልቅ ለመስጠት የደፈሩት አንድም በዚህ ነው።

23ኛው አመሰገነ፣ ግን አቋሙን ሙሉ በሙሉ አልተወም። ሰው ክብሩ የሚነካው በቀኑ ብቻ ሳይሆን በአሰጣጡም እንደሆነ ጻፈ። ትክክል ብሏል። የጠወለገ ሰላጣ ለሰው መስጠት አይገባም፣ እኛ ራሳችን የማንበላውን አናድልም። በነገራችን ላይ ካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክ በ2016 ከሱፐርማርኬቶች ይመጣለት የነበረውን ትልልቅ ኬክ፣ ከረሜላና ስኳር የበዛበት መጠጥ አልቀበልም ማለቱ ይታወሳል። በነፃ የመጣ ሁሉ ይወሰዳል ማለት አይደለም። የሚረዳቸው ሰዎች መሀል ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ብዙ ነው።

25ኛው አጭር ነው ግን ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆነና ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች በየወሩ የሚሰጥ የመንግሥት የምግብ ካርቶን አለ። ጣሳ አትክልት፣ ጁስ፣ ሲሪያል፣ አይብ የመሳሰለው ይኖርበታል። ጸሐፊው እናቱ ዲሲ ውስጥ እንደሚያገኙት፣ ይህን ግን ያወቀው በአጋጣሚ ከጎረቤት እንደሆነ ጻፈ። ወላጆቻችሁን ጠይቁላቸው።

26ኛው ከአዲስ አበባ ነው የገባው። እዚያ ተስፋ ብርሃን የሚባሉ የምገባ ማዕከላት ተከፍተው የተዘጋጀ ምግብ በነፃ እንደሚሰጡ፣ በበዓል ደግሞ ማዕድ ማጋራት የሚባለው እንዳለ ነገረን። ከእኛው ጋር ሲያወዳድረው ልዩነቱ የበሰለ ምግብ መሆኑ ነው፣ ማብሰያና ማገዶ የሌለው ሰው ጥሬ ሩዝ ቢሰጡት ምን ያደርግበታል። 27ኛው ከእስራኤል ጻፈ። ሌኬት እስራኤል የሚባል ድርጅት ገበሬው ማሳ ላይ የተወውን አትክልት በበጎ ፈቃደኛ እንደሚያስለቅም፣ ከሆቴልና ከጦር ሠፈር የተረፈውን የበሰለ ምግብ ደግሞ እንደሚሰበስብ ተረከ። 28ኛው ስለ እድር አነሳ። እድራችን ለሞተ ሰው እንደሚሰበሰበው በሕይወት ላለና ለተቸገረ ቢሰበሰብ ምን ነበር የሚል ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ወዲያው ስለ አንድ እድር ሒሳብ ጭቅጭቅ ተነሳና 29ኛውና 30ኛው ተሰዳደቡ። አስተዳዳሪው ሁለቱንም ሰርዟቸዋል። ቁጥሩ የሚዘለው ለዚህ ነው።

31ኛው ላይ 6ኛው ጸሐፊ ተመለሰ። አቋሙ ያው ነው። የ9ኛውን ታሪክ እንዳነበበ፣ ለሰውየው እንዳዘነ፣ ለራሱ ግን ቢቸገር አሁንም ፓንትሪ እንደማይሄድ ጻፈ። ለሌላው አልከለክልም አለ። 7ኛዋ ደግሞ መለሰችለት፣ በዚህኛው ዙር ግን ድምጿ ለስልሷል። የማትሄድ ከሆነ ቅዳሜ መጥተህ ሽንኩርት ለይ አለችው። እስካሁን አልመለሰም። እኔ ለመከባበራቸው አመሰግናለሁ፣ በሐሳቡ ግን አልስማማም። አንድ አባት ኩራቱን ጠብቆ ልጁ ቢራብ ኩራቱ ለማን ነው?

32ኛው በቀጥታ የት ልሂድ ብሎ ጠየቀ። ስልካችሁ ላይ 211 ደውሉ፣ የሰፈራችሁን ፓንትሪ ይነግሯችኋል፣ አስተርጓሚ መጠየቅም ትችላላችሁ። የካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክ ድረ ገጽ ላይም ካርታ አለ፣ ዚፕ ኮዳችሁን ስታስገቡ በአቅራቢያችሁ ያሉትን ያሳያል። ከመሄዳችሁ በፊት ሰዓቱን አረጋግጡ፣ ብዙ ፓንትሪ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚከፍተው። ጠንካራ ቦርሳ ይዛችሁ ሂዱ። ለታመመ ወይም ሥራ ላይ ላለ ሰው ሌላ ሰው እንዲወስድለት የሚፈቅዱ አሉ፣ ጠይቁ።

33ኛውን የጻፈችው ያቺው 13ኛዋ ናት። አንድ ፓንትሪ እንዳገኘች ጻፈች። የወሰደችውን ዘረዘረች፦ ድንች፣ ካሮት፣ ሩዝ፣ ሁለት ጣሳ ሽምብራ፣ እንቁላል፣ ዶሮ። ዶሮው በረዶ ስለሆነ ለእሁድ አሳድራዋለች። የጎደላት በርበሬ ብቻ እንደሆነ ጽፋ፣ ያቺ 11ኛዋ ሴት በርበሬ በፖስታ ልላክልሽ ወይስ ልምጣ ብላ እየተጻጻፉ ነው። ቀጣይ መልስ ያላችሁ ከ34 ጀምሩ።